የአውቶሞቢል የውስጥ አምፑልና የ14 ቮልቱ ፈተና

ከጎተራ ማሳለጫ ተነሥቶ በንፋስ ስልክ፣ በአደይ አበባና በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ፣ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ዋና ከተማው ከሚገባባቸው በሮች ዋነኛው መሆኑ ከነጋዴው የተሰወረ አይደለም። ከዚህም የተነሣ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የመኪና ጥገናና የመለዋወጫ ዕቃ ንግድ የሰፈነበት ሆኗል፤ በዋናው መንገድ ዳርና ዳርም ሆነ በጎፋ፣ በላፍቶና በለቡ በኩል ባሉት የውስጥ መንገዶች ከባድ መኪና፣ ሚኒባስና የቤት አውቶሞቢል የሚጠግኑ ጋራዦች ከትንንሽ የመለዋወጫ ሱቆች ጋር ጎን ለጎን ተሠርተው ይታያሉ። አካባቢው ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋለት የሚናገረውን መሣሪያ ሕዝቡ «የንፋስ ስልክ» ብሎት ነበርና፣ መንደሩም በዚያው ተጠርቶ ቀረ። የአዲስ ሥልጣኔ ዕቃ በስሙ ላይ የታተመበት ሰፈር፣ ዛሬ ደግሞ ከሌላ አዲስ ዕቃ ጋር በመተዋወቅ ላይ ይገኛል።

ዕቃው በመጠኑ ከጣት የማይበልጥ ነው። በመኪና ጣሪያ፣ በበር ሥርና በዳሽቦርድ ውስጥ የሚበራው ትንሽ አምፑል ማለት ነው። ይህ አምፑል ለብዙ ዘመን ባለ ክር ሆኖ ሲሸጥ ኖሮ፣ አሁን ኤል.ኢ.ዲ. በተባለው ብርሃን ሰጪ ዳዮድ እየተተካ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ክብደቱ ከቁጥር የማይገባ፣ ለመግጠምም ብዙ መሣሪያ የማያሻ ስለሆነ፣ አንዳንድ አስመጪዎች ለሌላ ዕቃ በተከራዩት ኮንቴይነር ጥግ ጨምረው ያመጡታል። ብዙ ሳይታሰብበት የሚገዛ ዕቃ ደግሞ ጠቡ ከዋጋው የበዛ መሆኑ የተለመደ ነው።

አስቀድሞ አሮጌውን አምፑል ማወቅ ይጠቅማል። በመኪና ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው በሁለት ጫፉ የብረት ቆብ ያለውና በሁለት የብረት መያዣዎች መካከል የሚጋደመው ነው፤ ርዝመቱ 31፣ 36፣ 39 ወይም 41 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 31 ሚሊ ሜትሩ በጃፓን ሥሪት መኪናዎች፣ 36ና 41 ሚሊ ሜትሩ በአውሮፓ ሥሪት መኪናዎች በብዛት ይገኛል። ኀይሉ እንደ ዓይነቱ 5፣ 8 ወይም 10 ዋት ነው። ሁለተኛው ቆብ የሌለው፣ የመስታወቱ ግርጌ ጠፍጥፎ በሶኬቱ ውስጥ የሚሻጥ ነው፤ በንግድ ስሙ ቲ10 ይባላል፣ ኀይሉም 5 ዋት ነው። ከእርሱ የሚያንሰው ቲ5 ደግሞ የዳሽቦርድን ቁጥሮች የሚያበራው ነው። ባለ 5 ዋቱ ባለ ክር አምፑል የሚሰጠው ብርሃን 50 ሉመን ገደማ ነው። ከሚወስደው ኀይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ብዙ ጊዜ ሲበራ የኖረ የጣሪያ መብራት ፕላስቲክ ክዳኑ ሲወይብና ሲጣመም ይታያል።

ብርሃን ሰጪው ዳዮድ ግን ክር የለውም። በእርሱ ውስጥ ብርሃኑ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በአንድ ጠጣር ቅንጣት ውስጥ ሲያልፍ ነው። ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ዳዮድ አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ የሠራው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊው ዳዮድ እስኪገኝ ሌላ 30 ዓመት ያህል መጠበቅ አስፈልጓል። ሰማያዊውን ዳዮድ ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ነጭ አምፑል በእውነቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቅንጣት ሆኖ፣ በላዩ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ብርሃኑን ወደ ነጭ የሚለውጥለት ነው።

ገዢው ከዚህ ለውጥ ምን ያገኛል? ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም በባትሪው ላይ የሚታየው ነው። ባለ 10 ዋት የጣሪያ አምፑል በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ሲበራ 0.83 አምፔር ይወስዳል። በሩ በደንብ ሳይዘጋ መብራቱ ሌሊቱን 12 ሰዓት ሙሉ በርቶ ቢያድር፣ ከባትሪው 10 አምፔር-ሰዓት ይሟጠጣል ማለት ነው። የአንዲት ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ባትሪ አዲስ በሆነ ጊዜ 45 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ካረጀና የያዘው በግማሽ ከቀነሰ ግን፣ በማግስቱ ጠዋት ባለ መኪናው ጎረቤቶቹን ጠርቶ ማስገፋቱ ነው። በዚያው ቦታ 1 ዋት የሚወስድ ዳዮድ ቢኖር፣ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ የሚወስደው 1 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥቅም ለእኛ አገር መንገድ የሚስማማው ነው። በኮብልስቶን መንገድና በጉድጓድ ላይ የሚንገጫገጭ መኪና የአምፑሉን ቀጭን ክር ይበጥሰዋል፤ ዳዮድ ግን የሚበጠስ ክር የለውም። ማታ ሒሳብ የሚሰበስበው የሚኒባስ ረዳትም የብሩን ኖት ለይቶ ለማየት የተሻለ ብርሃን ያገኛል።

ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚነገረው ግን ለሸማች የማይገባ ወሬ ነው። ሁለት የጣሪያ አምፑሎች ቢለወጡ የሚቀነሰው 20 ዋት የማይሞላ ነው፤ ይህም ሞተሩ በአሥር ሺሕ ዋቶች ከሚያመነጨው ኀይል አጠገብ ሲቀመጥ በነዳጅ መለኪያው ላይ ጨርሶ አይታይም። በዚህ ተስፋ የሸጠ ባለ ሱቅ ደንበኛው ሲመለስበት የሚመልሰው ቃል አይኖረውም።

በመለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ የሚሰማው ክርክር ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። «ወንድሜ፣ ባለፈው ሳምንት የሸጥህልኝ አምፑል ጠፋ እኮ፤ አንደኛውማ ጭራሽ ይብለጨለጫል» ይላል ገዢው። «ጋሼ፣ እዚሁ አብርተን አይተነው አልነበረም እንዴ?» ይላል ባለ ሱቁ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ነገሩ ያለው በሱቁ ባትሪና በመኪናው ባትሪ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

በሱቅ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ባትሪ የሚሰጠው 12 ቮልት ገደማ ነው። መኪናው ተነሥቶ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ሲጀምር ግን ኀይሉ ወደ 13.8፣ አልፎም ወደ 14.4 ቮልት ይወጣል። ባለ ክሩ አምፑል ይህን ልዩነት ችሎ ይኖራል፤ ርካሹ ዳዮድ አይችልም። ምክንያቱም ርካሹ አምፑል የሚሠራው ሦስት ቅንጣቶችን በተርታ አያይዞ፣ ትርፉን ቮልት በአንዲት ትንሽ ሬዚስተር በማስቀረት ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት 3 ቮልት ያህል ስለሚይዝ ሦስቱ 9 ቮልት ይይዛሉ፤ ለሬዚስተሯ የሚቀረው በ12 ቮልት ጊዜ 3 ቮልት፣ በ14.4 ቮልት ጊዜ ደግሞ 5.4 ቮልት ይሆናል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሬዚስተሯ ላይ ባለው ቮልት ልክ ስለሚያድግ፣ የባትሪው ቮልት በመቶ 20 ብቻ ጨምሮ ሳለ በቅንጣቶቹ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በመቶ 80 ገደማ ይጨምራል። በተዘጋ የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ፣ በፀሐይ በጋለ ጣሪያ ሥር፣ ይህ ጭማሪ ቅንጣቱን ለማቃጠል በቂ ነው። እንግዲህ በሱቅ ሲፈተን ደኅና የነበረው አምፑል በመንገድ ላይ የሚጠፋበት ምስጢር ይኸው ነው።

ደኅናው አምፑል በውስጡ ኤሌክትሪኩን በአንድ ልክ የሚያስተካክል ትንሽ ተቆጣጣሪ አለው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ፣ መለየት የሚቻለው በመለኪያ ነው። አስመጪው ትእዛዙን ከማጽደቁ በፊት ከላኪው ናሙና ተቀብሎ፣ ከአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ሆኖ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና ከግማሽ ቀን አያልፍም። መጀመሪያ አምፑሉ በ12 ቮልት የሚወስደው ሚሊ አምፔር ይለካል፤ ቀጥሎ ሞተሩ በተነሣ መኪና ላይ፣ ወይም ቮልቱ በሚስተካከል ኀይል ሰጪ ላይ 14.4 ሆኖ ይለካል። ቁጥሩ እጅግ ካደገ አምፑሉ ሬዚስተር ብቻ ያለው ነው። ቁጥሩ ሳይለወጥ ከቀረ ወይም ጥቂት ከቀነሰ ተቆጣጣሪ አለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂቶቹ በክዳናቸው ተዘግተው በ14.4 ቮልት ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ይበራሉ፤ ብርሃናቸው የደከመ፣ የተብለጨለጨ፣ ወይም ሽታ ያወጣ ካለ ያ ዕቃ ለመርከብ ኪራይ የሚበቃ አይደለም። በዚህ ጊዜ በካርቶኑ ላይ «10 ዋት» ተብሎ የታተመው አምፑል በመለኪያ 1 ዋት ሆኖ መገኘቱ ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። «50,000 ሰዓት» የሚለውም ጽሑፍ እንዲሁ ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ለሚበራ የጣሪያ መብራት ይህ 137 ዓመት ስለሚሆን፣ መኪናውም ባለ መኪናውም ሻጩም ደርሰው ሊመሰክሩለት የማይችሉት ተስፋ ነው።

በደብረ ዘይት መንገድ ለሚነግዱ ባለ ሱቆች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። በዚያ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች፣ አይሱዙዎችና ቅጥቅጥ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ ሞተራቸው ሲሠራም ወደ 28 ቮልት ይጠጋል። ሶኬቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ የ12 ቮልቱ ዳዮድ ያለ ችግር ይገባበታል፣ ወዲያውም ይቃጠላል። ሁለቱን በአንድ መሳቢያ ማስቀመጥ ስለዚህ ኪሳራን መጋበዝ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚችል ባለ ተቆጣጣሪ አምፑል ስለሚሠሩ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም አንዱን ዕቃ ለሁለቱም ገበያ ለማቅረብ ይረዳል። በተቃራኒው በአዲስ አበባ መንገዶች አሁንም የሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች አሉ፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት የተሠሩት ቮልሶች የሚጠቀሙት 6 ቮልት ነው። ቅንጣቶቹ ለመብራት 9 ቮልት ለሚፈልጉት አምፑል 6 ቮልት አይበቃውምና፣ በእነርሱ ላይ ቢገጠም ጨርሶ አይበራም፤ ገዢውም የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ይመስለዋል።

በመግጠም ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር ግን ቀላል ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ አምፑሉ ካልበራ አውጥቶ፣ ገልብጦ መልሶ ማስገባት ይበቃል። ይህን አንዲት ቃል ለገዢው ያልነገረ ባለ ሱቅ፣ ደኅና አምፑል ተመልሶ ሲመጣለት ማየቱ አይቀርም። ልኩንም በዓይን ከመገመት አሮጌውን አምፑል አስመጥቶ በማስመሪያ መለካት ይሻላል፤ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት አምፑሉ በመያዣዎቹ መካከል እንዲላላ ያደርገዋል፣ የላላውም ይብለጨለጫል። ብዙ ቅንጣት የተለጠፈበት ሰፊ ዓይነት ደግሞ በርዝመቱ ቢስማማም ክዳኑን ሊያስከፍት ስለሚችል፣ ወርዱም መታየት አለበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መብራቱን ማጥፋትና አሮጌው አምፑል እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል። መያዣዎቹ በብረት ዊንጭ ተነካክተው ፊውዝ የተቃጠለበት ሰው ዋጋውን የሚያስበው ከአምፑሉ ላይ ነውና።

በቅርብ ዓመታት በተሠሩት መኪናዎች ላይ ደግሞ ከአምፑሉ ባሻገር ያለ ነገር አለ። የእነዚህ መኪናዎች መብራት የሚዘዘው በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ አምፑሉ መኖሩን ለማወቅ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ይህ ጥቂት ኤሌክትሪክ ባለ ክሩን ሊያግል አይችልም፣ ዳዮዱን ግን ደብዘዝ አድርጎ ሊያበራው ይችላል። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የሚታየው ፍም የመሰለ ብርሃን ከዚህ የሚመጣ ነው። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ዳዮዱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ስላነሰበት «አምፑል ተቃጥሏል» የሚል ምልክት በዳሽቦርዱ ላይ ያወጣል። ለዚህ ተብሎ «ካን-ባስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አምፑል ይሸጣል፤ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ሬዚስተር ገብቶበት አሮጌውን አምፑል የሚመስል ዕቃ ነው። ምልክቱን ያጠፋል፤ ሆኖም ሬዚስተሩ ስለሚግል፣ ከላይ የተነገረው የሙቀትና የኀይል ቁጠባ ጥቅም በከፊል ተመልሶ ይጠፋል። ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች ባለ ክሩን አምፑል መተው የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለደንበኛው ገልጦ የሚነግር ሻጭ አንድ አምፑል ሳይሸጥ ቢቀርም ደንበኛውን አያጣም።

ስለ ቀለሙም ጥቂት መናገር ያሻል። በገበያ ላይ የሚፈለገው እጅግ የነጣውና ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ዓይነት ነው፤ በካርቶኑም ላይ 6,000 ወይም 6,500 ኬልቪን ተብሎ ይጻፋል። በባለ ክሩ አምፑል የለመድነው ቢጫማ ብርሃን 2,700 ኬልቪን ገደማ ነው። ነጩ በቀን በሱቅ ውስጥ ሲታይ ያምራል፤ በሌሊት ግን በፊተኛው መስታወት ላይ ነጸብራቁ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ይወጋል፣ ጨለማ የለመደውም ዓይን በብርሃን ከታወረ በኋላ እንደ ቀድሞው ለማየት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በተለይም ተሳፋሪ በወረደና በወጣ ቁጥር መብራት ለሚያበራ የሚኒባስ ነጂ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ3,000 እስከ 4,000 ኬልቪን ያለው ዓይነት ለሥራም ለዓይንም የሚስማማ ስለሆነ፣ አስመጪው ከትእዛዙ ከፊሉን ከዚህ ቢያደርግ የሚቆጭበት አይሆንም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የሚያበራው ጌጥማ የወጣቶች ገበያ ነውና ለእነርሱ መተው ነው።

የአስመጪውን ሒሳብ የሚለውጡ ሁለት ድርጊቶች በ2016 ዓ.ም. ተፈጽመዋል። በጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመጀመሪያው ድርጊት፣ አስቀድመው የገቡት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ተተኪ እየሳሳባቸው ለብዙ ዓመት እየተጠገኑ እንዲኖሩ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ለመለዋወጫ ነጋዴ ገበያ ነው። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች የውስጥ መብራታቸው አስቀድሞም ዳዮድ ስለሆነ ይህን ዕቃ አይሹም። ሁለተኛው ድርጊት ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከመቶ አምፑል ሠላሳው ተበላሽቶ ቢመለስ የጠፋው የውጭ ምንዛሪ በብር ሲታሰብ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ነው።

በጉምሩክ በኩል የዕቃው አመዳደብ በኢንቮይሱ ላይ በትክክል መጻፍ አለበት። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የዕቃዎች ስያሜ መሠረት፣ ሶኬት የሚገባበት ግርጌ ያለውና ተነቅሎ የሚተካው የኤል.ኢ.ዲ. አምፑል በ8539.52 ሥር ይገባል። ግርጌ የሌለው የኤል.ኢ.ዲ. ሞጁል በ8539.51፣ ለብቻው የመጣ የዳዮድ ቅንጣት በ8541.41፣ ለመኪና የሚሆን ተራ ባለ ክር አምፑል ደግሞ በ8539.29 ሥር ነው። ክዳኑና መያዣው ተገጥሞ የሚመጣው ሙሉው የመኪና መብራት በ8512 ሥር ሲመደብ፣ ይህ አንቀጽ በ8539 የተመደቡትን አምፑሎች አይጨምርም። «የመኪና መብራት» ብሎ በጅምላ የጻፈ አስመጪ በመጋዘን ኪራይና በክርክር የሚያጠፋው ቀን ከዕቃው ዋጋ ጋር ሊመጣጠን ይችላል። ቮልቱ፣ የግርጌው ዓይነት፣ ርዝመቱና የዋቱ እውነተኛ ልክ በእያንዳንዱ መስመር ቢጻፉ፣ ለጉምሩክ ሠራተኛውም ለመጋዘን ጠባቂውም ሥራ ይቀላል።

ለመጀመሪያ ትእዛዝ ከሁሉ ይልቅ የሚያዋጣው ባለ 12 ቮልት ቲ10ና 31 ሚሊ ሜትሩ ሲሆን፣ 36ና 41 ሚሊ ሜትሩን በትንሹ መጨመር ይቻላል። ባለ 24 ቮልቱ በደብረ ዘይት መንገድ ለሚነግድ ሰው እንጂ ለሁሉ አይሆንም። የዳሽቦርዱን ቲ5 ለማውጣት ዳሽቦርዱ መፈታት ስላለበት፣ እርሱ የሚሸጠው ለባለ ጋራዡ ነው እንጂ ለባለ መኪናው አይደለም። ቲ10 በአንዳንድ መኪናዎች በውጭም፣ በሰሌዳ መብራትና በፊት የማቆሚያ መብራት ላይ ስለሚገኝ፣ ለውስጥ ተብሎ የተገዛው ሰማያዊ ወይም ቀይ አምፑል በዚያ እንዳይገጠም ሻጩ ለገዢው መንገር አለበት፤ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ የሚያየው የውጩን መብራት ነው። በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የ12 ቮልት መፈተኛ ባትሪ ደግሞ ከቻርጀር ጋር አያይዞ፣ አምፑሉን 14 ቮልት ላይ ለገዢው አብርቶ ማሳየት የሚጠይቀው አንድ ቻርጀርና ሁለት ሽቦ ነው።